ሄንሪ ቲምከን፦ ከሠረገላ መሥሪያ እስከ መኪና የፊት ጎማ

የአንድ አሮጌ መኪና የፊት ጎማ ተፈትቶ እምብርቱ ሲከፈት ከግራሶው ሥር ሁለት ኩሽኔታዎች ይገኛሉ። ተለቅ ያለው ወደ መኪናው አካል የቀረበ ሲሆን፣ አነስ ያለው በውጭ በኩል ያለውን ጫፍ ይዞ ይቀመጣል። በእያንዳንዱ ኩሽኔታ ውስጥ፣ በሁለት የብረት ቀለበቶች መካከል፣ አንደኛው ጫፋቸው ከሌላው ቀጠን ያለ ትናንሽ ሮለሮች ተደርድረዋል። የመኪናውን የፊት ክብደት ተሸክመው ጎማው ያለ ችግር እንዲሽከረከር የሚያደርጉት እነዚህ ሮለሮች ናቸው። ለዚህ ዓይነቱ ኩሽኔታ በሰፊው ጥቅም ላይ መዋል መሠረት የጣሉት ደግሞ ትውልደ ጀርመን የሆኑት አሜሪካዊ ሠረገላ ሠሪ ሄንሪ ቲምከን ነበሩ።

በኢትዮጵያ መካኒኮች ዘንድ የተለመደው ኩሽኔታ የሚለው ስያሜ ከጣሊያንኛ የተወሰደ ሲሆን፣ በቀጥታ ሲተረጎም ትንሽ ትራስ ማለት ነው። ስያሜው ከቲምከን የሥራ ታሪክ ጋርም ይስማማል። ስማቸውን ያስጠራው የመጀመሪያው ሥራቸው የተሳፋሪውን ወገብ ከመንገድ ንረት የሚያሳርፍ የሠረገላ ሞላ ሲሆን፣ የመጨረሻው ደግሞ የጎማውን ዘንግ ከሰበቃ የሚያሳርፍ ኩሽኔታ ነበር።

ከብሬመን እስከ ሴንት ልዊስ

ሄንሪ ቲምከን እ.ኤ.አ ነሐሴ 16 ቀን 1831 በጀርመን አገር በብሬመን ከተማ አቅራቢያ ተወለዱ። ገና ሕፃን ሳሉ፣ እ.ኤ.አ በ1838፣ ቤተሰባቸው የአትላንቲክን ውቅያኖስ አቋርጦ ወደ አሜሪካ በመሰደድ በሚዙሪ ግዛት ኑሮውን መሠረተ። በዚያን ዘመን ወደ ሚዙሪ የሚጎርፉት ጀርመናውያን ስደተኞች ብዙዎች ስለነበሩ፣ አዲስ መጤው ቤተሰብ ቋንቋውንና ልማዱን ከሚጋሩ ሰዎች መካከል ነበር የሰፈረው።

ወጣቱ ቲምከን ግን በእርሻ ሥራ መቆየትን አልመረጡም። እ.ኤ.አ በ1847 በሴንት ልዊስ ከተማ ስመ ጥር ከሆነ አንድ ጋሪ ሠሪ ዘንድ በተለማማጅነት ተቀጠሩ። ሴንት ልዊስ በዚያ ዘመን ወደ ምዕራብ ለሚጓዙ ሰፋሪዎችና ነጋዴዎች ዋና መነሻ ስለነበረች የጋሪ ሥራ ከፍተኛ ተፈላጊነት ነበረው። ተለማማጁ እንጨት መጥረብን፣ ብረት ማጋልና መቀጥቀጥን፣ መንኮራኩር መግጠምንና የአክስል ጫፍ ማስተካከልን በዚያው ተማሩ። መንኮራኩር በዘንጉ ላይ ልል ከሆነ እንደሚወላከፍ፣ ከጠበቀ ደግሞ ግሎ እንደሚነክስ በእጃቸው የለዩት በእነዚህ ዓመታት ነበር።

እ.ኤ.አ በ1855 በዚያው ከተማ የራሳቸውን የሠረገላ መሥሪያ ከፈቱ፤ በዚያው ዓመትም ፍሬደሪካ ሃይንዘልማን የተባሉ ወይዘሪት አገቡ። ኑሯቸው ግን በአንድ ቦታ የረጋ አልነበረም። በዘመኑ ብዙዎችን ያነቃነቀው የወርቅ ፍለጋ እርሳቸውንም ወደ ኮሎራዶ፣ ወደ ፓይክስ ፒክ ተራሮች ወስዷቸው ነበር። ከዚያ ተመልሰው እንደገና ወደ ሠረገላ ሥራቸው ገቡ፤ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ወቅትም በሚዙሪ ሚሊሻ ውስጥ አገልግለዋል።

ሞላውና የመጀመሪያው ጡረታ

ከጦርነቱ በኋላ የቲምከን ሥራ እየሰፋ ሄደ። ዋና ትኩረታቸው በመንገድ ንረት ምክንያት ተሳፋሪው የሚደርስበትን ድካም መቀነስ ነበር። ለዚሁ ተብሎ የሠሩት የቀላል ሠረገላ ሞላ እ.ኤ.አ በ1877 የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ። ይህ ሞላ በመላው አሜሪካ በሚገኙ ሠረገላ ሠሪዎች ዘንድ በሰፊው ተፈላጊ በመሆኑ ለፈጣሪው ከፍተኛ ሀብት አስገኘላቸው። ቲምከን በሕይወት ዘመናቸው 13 የፈጠራ ባለቤትነት መብቶችን ያስመዘገቡ ሲሆን፣ የአሜሪካ የሠረገላ ሠሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነውም ሠርተዋል።

እ.ኤ.አ በ1887 ሥራቸውን ትተው ከቤተሰባቸው ጋር በደቡብ ካሊፎርኒያ ወደምትገኘው የሳንዲያጎ ከተማ ሄዱ። ዕድሜያቸው 56 ዓመት ገደማ ነበር። በቂ ሀብት ያፈሩና ስማቸው የታወቀ ሰው በመሆናቸው ቀሪ ዘመናቸውን በዚያች የወደብ ከተማ በዕረፍት ለማሳለፍ የሚያግዳቸው ነገር አልነበረም። ይሁን እንጂ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ሴንት ልዊስና ወደ ሠረገላ ሥራቸው ተመለሱ። ዛሬ ስማቸው የሚነሳበትን ሥራ የሠሩትም ከዚህ ከመጀመሪያው ጡረታ ከተመለሱ በኋላ ነው።

የመታጠፊያው ችግር

ቲምከን ያተኮሩበት ችግር ለጋሪ ነጂ ሁሉ የታወቀ ነበር። በዚያ ዘመን የብዙዎቹ ጋሪዎች መንኮራኩር በቀጥታ በአክስሉ ጫፍ ላይ ይሰካና በመካከሉ ግራሶ ይቀባ ነበር። ብረት በብረት ላይ እየተንሸራተተ ስለሚዞር ሰበቃው ከፍተኛ ነው። ሰበቃው በጨመረ መጠን ጋሪውን የሚጎትቱት ፈረሶችና በቅሎዎች ይደክማሉ፤ የአክስሉ ጫፍም እየተበላ ይሄዳል።

መንሸራተትን በመሽከርከር የመተካት ሐሳብ አዲስ አልነበረም። በብስክሌቶች ላይ ድቡልቡል ብረቶችን የያዙ ኩሽኔታዎች በሥራ ላይ ውለው ነበር። ድቡልቡል ብረት ግን ቀለበቱን የሚነካው በጣም ጠባብ በሆነ ቦታ ላይ ስለሆነ፣ በተመሳሳይ መጠን ሲታይ ከሮለር ያነሰ ክብደት ይሸከማል። ቀጥ ያለ ሮለር ደግሞ በርዝመቱ ሙሉ ስለሚነካ ከላይ የሚመጣውን ክብደት በደንብ ይችላል። ችግሩ የሚመጣው ጋሪው ሲታጠፍ ነው። የተጫነ ጋሪ በመታጠፊያ ላይ ሲያልፍ መንኮራኩሩ በአክስሉ ርዝመት አቅጣጫ ወደ ጎን ይገፋል። ቀጥ ያለው ሮለር ይህን የጎን ግፊት የሚመክትበት ነገር ስለሌለው ይንሸራተታል፣ ይጣመማል፣ ቶሎም ይበላል።

የቲምከን መፍትሔ ሮለሮቹን ሾጣጣ ማድረግ ነበር። የውስጡ ቀለበት እንደ ተቆረጠ ሾጣጣ፣ የውጭው ቀለበት ደግሞ ያንን እንደሚቀበል ጽዋ ይሆናሉ። ሮለሮቹ ዘንበል ብለው ስለሚቀመጡ ከላይ የሚመጣውንም፣ ከጎን የሚመጣውንም ኃይል በአንድ ጊዜ ይሸከማሉ። በትክክል የተሠራ ሾጣጣ ኩሽኔታ የሮለሮቹና የቀለበቶቹ ዝንባሌ ሁሉ ወደፊት በሐሳብ ቢሳብ በዘንጉ መካከለኛ መስመር ላይ በአንድ ነጥብ ይገናኛል። ወፍራሙ ጫፍ ረጅሙን ዙር፣ ቀጭኑ ጫፍ አጭሩን ዙር ስለሚጓዙ ሮለሩ ሳይንሸራተት ይሽከረከራል።

ሌላም ጥቅም ነበረው። ሁለት ሾጣጣ ኩሽኔታዎች ቀጫጭን ጫፎቻቸው ፊት ለፊት እንዲተያዩ ሆነው በአንድ እምብርት ውስጥ ሲገቡ፣ በዘንጉ ጫፍ ያለውን ብሎን በማጥበቅ ወይም በማላላት መካከላቸው ያለውን ክፍተት ማስተካከል ይቻላል። ኩሽኔታው ከጊዜ ብዛት ጥቂት ቢበላ እንኳ ብሎኑን በመጠኑ በማጥበቅ ብቻ ወደ ደህና ሁኔታው ይመለሳል። ከቲምከን በፊት ሾጣጣ ሮለርን ያሰቡና የሞከሩ ሌሎች ሰዎች ነበሩ። እርሳቸው ግን በመንገድ ላይ የሚሠራ፣ የሚስተካከልና በብዛት ሊመረት የሚችል አደረጉት።

የ1898 የፈጠራ መብት

እ.ኤ.አ ሰኔ 28 ቀን 1898 ሄንሪ ቲምከንና አብረዋቸው የሠሩት የእህታቸው ወይም የወንድማቸው ልጅ ደረጃ ያለው ዘመዳቸው ሬጂናልድ ሃይንዘልማን ሁለት የፈጠራ ባለቤትነት መብቶችን ተቀበሉ። መብቶቹ በአሜሪካ የፈጠራ መዝገብ በቁጥር 606635 እና 606636 የሰፈሩ ናቸው። ቲምከን በዚያ ቀን 67ኛ ዓመታቸውን ለመያዝ ከሁለት ወር ያነሰ ጊዜ ነበር የቀራቸው።

ከዚሁ ዘመን ጋር ተያይዞ በኩባንያው ታሪክ ውስጥ ሲወሳ የኖረ አንድ ገጠመኝ አለ። በአዲሶቹ ኩሽኔታዎች የተገጠመ ከባድ ጭነት የያዘ ጋሪ በሁለት ትናንሽ በቅሎዎች እየተጎተተ በሴንት ልዊስ ጎዳና ሲያልፍ፣ ነጂው በእንስሳት ላይ ጭካኔ ፈጽሟል ተብሎ ተያዘ። ጋሪው ምን ያህል በቀላሉ እንደሚንቀሳቀስ በፍርድ ቤት ከተገለጸ በኋላ ነጂው በነጻ ተለቀቀ ይባላል።

በቀጣዩ ዓመት፣ እ.ኤ.አ በ1899፣ የቲምከን ሮለር ኩሽኔታና አክስል ኩባንያ በሴንት ልዊስ ተቋቋመ። ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው ሄንሪ ሃይንዘልማን ቲምከንና ዊሊያም ቲምከን በሥራው ውስጥ ገቡ። ብዙም ሳይቆይ፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ፣ ኩባንያው ወደ ኦሃዮ ግዛት ወደ ካንተን ከተማ ተዛወረ። ካንተን በአንድ በኩል የመኪና ኢንዱስትሪ ለሚያቆጠቁጥባት ለዲትሮይት፣ በሌላ በኩል የብረት ማቅለጫዎች ለሚገኙባት ለፒትስበርግ የቀረበች በመሆኗ ምርጫው ጠቃሚ ሆኖ ተገኘ።

ሥራውን ለልጆቻቸው ያስረከቡት ቲምከን ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ሳንዲያጎ ተመልሰው በዚያው እ.ኤ.አ መጋቢት 16 ቀን 1909 በ77 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። በጅምላ በመመረት የአሜሪካን መንገዶች ያጥለቀለቀው የፎርድ ሞዴል ቲ መኪና ለገበያ የቀረበው ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ በ1908 ነበር። በሠረገላ ዘመን የተወለደው የቲምከን ሥራ በመኪና ዘመን የት እንደሚደርስ ለማየት ፈጣሪው ዕድሜ አላገኙም።

ከእርሳቸው በኋላ

ልጆቻቸው እ.ኤ.አ በ1909 የአክስል ሥራውን ለይተው በዲትሮይት የቲምከን ዲትሮይት አክስል ኩባንያን አቋቋሙ። በካንተን የቀረው የኩሽኔታ ፋብሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ በ1917 የራሱን ብረት ማምረት ጀመረ። እርምጃው ከሥራው ጠባይ የመነጨ ነበር። የኩሽኔታ ሮለር በእያንዳንዱ ዙር ከፍተኛ ጫና ስለሚያርፍበት በውስጡ ትንሽ ጉድለት ያለበት ብረት ከጊዜ በኋላ ተሰንጥቆ መላጥ ይጀምራል።

የሾጣጣው ኩሽኔታ ብቃት በባቡርም ላይ ታይቷል። እ.ኤ.አ በ1930 ኩባንያው በሮለር ኩሽኔታዎች ብቻ የሚሽከረከር ትልቅ የእንፋሎት ባቡር አስገንብቶ በአሜሪካ የባቡር መስመሮች ላይ ለሙከራ አሰማራ። ሦስት ሴቶች ይህንኑ ባቡር በገመድ ሲጎትቱ የሚያሳየው የዚያ ዘመን ፎቶግራፍ በሰፊው ታውቋል።

ሆት ሮድና ኩሽኔታን ከዘንግ ጋር የማዛመድ ሙያ

ቲምከን ባረፉበት በደቡብ ካሊፎርኒያ፣ ከሞታቸው ከሁለትና ከሦስት አሠርት ዓመታት በኋላ፣ አንድ አዲስ የመኪና ባህል ብቅ አለ። ወጣቶች ርካሽ የሆኑ አሮጌ የፎርድ መኪኖችን እየገዙ አላስፈላጊ አካሎቻቸውን በመቀነስና ሞተራቸውን በማጠናከር እንደ ሙሮክና ኤል ሚራዥ ባሉ የደረቁ የሐይቅ ሜዳዎች ላይ ለፍጥነት ይወዳደሩባቸው ጀመር። ውድድሮቹን የሚያስተባብረው የደቡብ ካሊፎርኒያ የፍጥነት መለኪያ ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ በ1937 ነው። መኪኖቹ ሆት ሮድ በሚል ስም ታወቁ። ዛሬም በብዙ አገሮች የሚገኙ ወዳጆቻቸው ይጠግኗቸዋል፣ እንደገናም ይሠሯቸዋል።

ፍጥነት ሲጨምር የፍሬን ጥያቄ ይከተላል። ፎርድ እስከ 1938 ድረስ ባመረታቸው መኪኖች ላይ ይገጥም የነበረው በዘንግና በሽቦ የሚሠራ ሜካኒካል ፍሬን ሲሆን፣ በዘይት የሚሠራውን ፍሬን የጀመረው በ1939 ሞዴሎቹ ነው። በመሆኑም የ1932 መኪና ያላቸው ወጣቶች ከኋለኛ ዓመታት መኪኖች ፍሬኑን ከነእምብርቱ እየፈቱ ወደራሳቸው መኪና ያዛውሩ ነበር። ልማዱ እስከ ዛሬ የቀጠለ ሲሆን፣ አሁን ብዙዎች ዲስክ ፍሬን ይገጥማሉ።

በዚህ ጊዜ ከአንድ መኪና የመጣ የጎማ እምብርት ከሌላ መኪና ዘንግ ጋር መገናኘት ይኖርበታል። ዘንጉ፣ ማለትም ጎማው የሚሰካበት የአክስል አጭር ጫፍ፣ የራሱ ውፍረት አለው፤ እምብርቱም የራሱ ስፋት ያለው ማቀፊያ አለው። ሁለቱን የሚያስታርቀው ኩሽኔታው ነው። የሾጣጣው ኩሽኔታ የውስጥ ቀለበት ከነሮለሮቹ፣ የውጭው ቀለበት ደግሞ ለብቻው ስለሚነጠሉና እያንዳንዳቸውም የራሳቸው ቁጥር የተቀረጸባቸው ስለሆኑ ምርጫው ሰፊ ነው።

ለአብነት ያህል ኤል 44643 እና ኤል 44649 የተሰኙት ሁለት የውስጥ ቀለበቶች ይጠቀሳሉ። ሁለቱም ኤል 44610 በተባለውና 50.292 ሚሊ ሜትር የውጭ ስፋት ባለው በአንድ ዓይነት የውጭ ቀለበት ውስጥ ይገባሉ። የመጀመሪያው 25.4 ሚሊ ሜትር፣ ሁለተኛው 26.988 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው ዘንግ የተሠሩ ናቸው። አንድ እምብርት የውጭ ቀለበቱ ሳይለወጥ ሁለት የተለያየ ውፍረት ባላቸው ዘንጎች ላይ ሊገጠም የሚችለው በዚህ መንገድ ነው።

አደጋውም እዚሁ ላይ ነው። የሁለቱ ቀለበቶች ልዩነት ከ1.6 ሚሊ ሜትር በጥቂቱ ያነሰ በመሆኑ በዓይን ብቻ ለመለየት አስቸጋሪ ነው። ሰፊው ቀለበት በቀጭኑ ዘንግ ላይ ቢገባ ጎማው ይወላከፋል፣ ዘንጉ ይቀጠቀጣል፣ ኩሽኔታውም ይግላል። ክፍተቱን በቆርቆሮ ቁራጭ ለመሙላት መሞከር ችግሩን ከማዘግየት ያለፈ ፋይዳ የለውም። በመንገድ ላይ ያለ መኪና የፊት ኩሽኔታው ቢፈርስ ጎማው እስከ መውጣት ሊደርስ ስለሚችል፣ ስህተቱ የሰው ሕይወት ያስከፍላል።

ስለዚህ ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች በመኪናው የምርት ዓመት ብቻ ተማምነው ኩሽኔታ አይገዙም። አሮጌ መኪና በብዙ እጆች ውስጥ ያለፈ በመሆኑ፣ በላዩ ላይ ያለው ዘንግ ከየትኛው ዓመት ሞዴል እንደተወሰደ በእርግጠኝነት መናገር ያዳግታል። በቅድሚያ ዘንጉ ይጸዳና የውስጠኛውና የውጭኛው ኩሽኔታ መቀመጫዎች በጥንቃቄ ይለካሉ። ቀጥሎ የእምብርቱ ሁለት ማቀፊያዎች ስፋትና በመካከላቸው ያለው ርቀት ይለካል። ከዚያም በሠንጠረዥ ላይ ከሁለቱም ልኬቶች ጋር የሚስማማ የቀለበት ጥንድ ይፈለጋል። ከተለያየ ቤተሰብ የሆኑ ቀለበቶች ዝንባሌያቸው ስለሚለያይ፣ መጠናቸው የተቀራረበ ቢሆን እንኳ አብረው አይገጠሙም።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የዘንጉ ሥር ነው። ዘንጉ ከወፍራሙ አካል ጋር በሚገናኝበት ቦታ እንዳይሰነጠቅ ሲባል በስለታም ማዕዘን ፈንታ ክብ ማለስለሻ ይተውለታል። የኩሽኔታው የውስጥ ቀለበት ጠርዝ ከዚህ ማለስለሻ የጠበበ ከሆነ ቀለበቱ ወደ ቦታው ሳይደርስ በማለስለሻው ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ብሎኑ የጠበቀ ቢመስልም ከጥቂት ጉዞ በኋላ ይላላል። አንዳንዶች ዘንጉን በሞረድ በመቁረጥ ቀለበቱን ሊያስገቡ ይሞክራሉ፤ ሆኖም ከፍተኛው ጫና የሚያርፈው በዚያ ቦታ ላይ በመሆኑ ይህ ዘንጉን ለስብራት ያጋልጠዋል።

በመጨረሻ የሚቀረው ብሎኑን ማስተካከል ነው። ጎማው እየተሽከረከረ ሮለሮቹ በቦታቸው እስኪቀመጡ ብሎኑ ይጠበቃል፣ ከዚያ ይላላል፣ እንደገናም በእጅ ኃይል ብቻ ይጠጋና በመቆለፊያ ፒን ይታሰራል። እንዲተው የሚፈለገው ክፍተት ከ0.025 እስከ 0.127 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከዚህ ከጠበቀ ኩሽኔታው ይግላል፤ ከላላ ጎማው ይንቀጠቀጣል። ቲምከን ገና በ16 ዓመታቸው ገደማ በሴንት ልዊስ የጋሪ መሥሪያ ውስጥ በእጃቸው የለዩት ነገር ይኸው ነበር።

መታሰቢያ

የቲምከን ቤተሰብ ስም ዛሬ በሳንዲያጎ በባልቦአ ፓርክ ውስጥ እ.ኤ.አ በ1965 በተከፈተው የሥነ ጥበብ ሙዚየም ላይ ይገኛል። በስማቸው የሚጠራው ኩባንያም መቀመጫውን በኦሃዮ ግዛት በኖርዝ ካንተን አድርጎ ሥራውን ቀጥሏል። ሄንሪ ቲምከን እ.ኤ.አ በ1998፣ የሾጣጣው ሮለር ኩሽኔታ የፈጠራ መብት በተሰጠ በ100ኛው ዓመት፣ በአሜሪካ ብሔራዊ የፈጠራ ሰዎች የክብር መዝገብ ውስጥ ስማቸው እንዲሰፍር ተደርጓል።